ቀይ የቀባኋት ቤት

ጠባዬ ቁጡ ነው። ላብራቶሪ ውስጥ ተማሪ ኬብል ረግጦ ሲያልፍ ካየሁ አልምርም። ውሸት የሰማሁ ቀን ደግሞ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም፤ እዚያው ፊት ለፊት ነው የማወጣው። የሥራ ባልደረቦቼ «አንቺ እኮ ምላስሽ መጥረቢያ ነው» ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። ታዲያ ሰው ስቆጣ የኖርኩት እኔ በአንድ ሽማግሌ ላይ ምን እንደሠራሁ ሌላ ሰው ከሚያወራው ራሴ ብጽፈው ይሻላል ብዬ ተነሳሁ።

ጅማ የመጣሁት ከጎጃም፣ ለመጀመሪያ ዲግሪ ነው። ጨርሼ አገሬ ልመለስ ስል ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ የኮምፒውተር ላብራቶሪ ረዳት አድርገው ቀጠሩኝና ቀረሁ። በቾ ቦሬ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ሁለተኛ ዲግሪዬንም መሥራት ጀመርኩ። ክፍሏ ባዶ ነበረች። አልጋ ላሠራ ብዬ ስጠይቅ ቁልቁለቱን ወረድ ብሎ አንድ አናጢ እንዳሉ ነገሩኝ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ነጭ ኮፍያ ከራሳቸው የማይለይ ሰው ናቸው። ሰፈሩ በሙሉ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ «አባ» ነው የሚላቸው። አልጋውን ሲያስረክቡኝ ያላዘዝኩትን በርጩማ ጨምረው ላኩልኝ፤ እንግዳ ሲመጣብሽ ምን ላይ ልታስቀምጪው ነው ብለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ኢንተለ ኮ» ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ታይፎይድ ጥሎኝ በሰነበትኩ ጊዜ ከሳቸው ቤት ሾርባ ያልመጣበት ቀን አልነበረም።

ለመመረቂያ ጥናቴ የመረጥኩት የሰፈር ዋይፋይ ነበር። ከትምህርት ክፍሉ ከአገልግሎት የወጡ ራውተሮች ለምኜ አመጣሁ። አባ ከቁርጥራጭ ጣውላ ለእያንዳንዱ ዝናብ የማያስገባ ሳጥን ሠሩለት፣ ክዳኑን እንደ ቤት ጣሪያ አድርገው። በሃያ ሦስት ቤት ላይ ሰቀልናቸው። ከኢንተርኔት መስመር ጋር የተያያዘው ላይ አስፋልቱ ዳር ያለው አንዱ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ በአየር ነው የሚነጋገሩት። እያንዳንዱ ሳጥን አጠገቡ ያሉትን ይሰማል፣ የሰማውን ለሚቀጥለው ያቀብላል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ የቁልቁለቱ መጨረሻ ይደርሳል። ሰፈሩ «ቅብብሎሽ» የሚል ስም አወጣለት። ተማሪው ማስታወሻ ያወርድበታል፤ ነጋዴው አጋሮ ላይ ቡና እንዴት ዋለ ብሎ ይጠይቅበታል። ከሁሉም ታች፣ ወንዙ አፋፍ ላይ የሚኖሩት እማማ ደግሞ ዓረብ አገር ያለችውን ልጃቸውን ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ፊቷን ያዩበታል። ልጅቷ አሠሪዎቿ ስልክ የሚፈቅዱላት ያኔ ብቻ ነው። የአባ ቤት ከቁልቁለቱ ወገብ ላይ ነች። ከሷ በታች ያሉት ዘጠኝ ቤቶች በአባ ሳጥን በኩል ካልሆነ ሌላ መንገድ የላቸውም።

የኔ ጥናት ማገናኘቱ አልነበረም፣ ዘበኝነቱ ነበር። እንዲህ ያለ ቅብብሎሽ ሰው አማኝ ነው። አንድ ተንኮለኛ የራሱን ሳጥን አምጥቶ «እኔ የእገሌ ቤት ሳጥን ነኝ» ቢል ጎረቤቶቹ አምነው ያላቸውን ሁሉ ያቀብሉታል፤ የይለፍ ቃሉን፣ ፎቶውን፣ የባንኩን ነገር ሁሉ። ስለዚህ ሰርጎ ገብ የሚይዝ ፕሮግራም ጻፍኩና «ዘበኛው» አልኩት። ዘበኛው የእያንዳንዱን ሳጥን አመል ያጠናል፤ እነማንን እንደሚሰማ፣ ድምፁ ምን ያህል እንደሚጎላ፣ መቼ መቼ ዝም እንደሚል። የአንዱ ሳጥን ስም ከሌላ ቦታ ሲጠራ ከሰማ ስልኬ ላይ ይጮሃል፤ እኔም ያንን ስም ከቅብብሎሹ እዘጋለሁ።

ያስቸገረኝ ሌባ ማጣቴ ነው። ራሴ በላፕቶፔ ሌባ እየሆንኩ፣ ራሴው እየያዝኩ ወራት ፈጀሁ። አማካሪዬ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ አንዴ ከተናገረ ደግሞ የማይመለስ ሰው ነው። ረቂቄን አንብቦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «ራስሽ ሰርቀሽ ራስሽ የያዝሽውን ሌባ ማን ያምንሻል?» አለኝ። እውነተኛ ጥቃት ካላመጣሁ ዲፌንሱ ለከርሞ ይተላለፋል ማለቱ ነበር። ያን ዕለት ቤቴ ገብቼ በንዴት አለቀስኩ።

ክረምት ገባ። የጅማ ክረምት ሲዘንብ ውሎ ያድራል፣ መብራቱም ይሄዳል ይመጣል። ለመጻፍ እንዲመቸኝ ግቢ ውስጥ ጓደኛዬ ክፍል ከርሜ ሳለ አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ዘበኛው ጮኸ። የአባ ሳጥን ስም ከወትሮው ቦታ ሳይሆን ከሌላ አቅጣጫ ይጠራል። ሰምተውት የማያውቁ ሳጥኖች ይሰሙታል፤ ዘወትር የሚሰሙት ደግሞ ደክሞ ይሰማቸዋል። ቁርጥ እንዳነበብኩት፣ ስም የሰረቀ ሳጥን። እልል ልል ምንም አልቀረኝም ነበር። ከወንበሬ ሳልነሳ ዘጋሁት።

ሄዶ ማየት ምን ነበረበት? ከኪቶ ፉርዲሳ በቾ ቦሬ በባጃጅ ስንት ደቂቃ ነው? ለአባ አንድ ስልክ መደወልስ? አላደረግሁትም። ሄጄ ሌላ ነገር እንዳላይ ፈርቼ ይመስለኛል። ከታች ያሉት ዘጠኝ ቤቶች አብረው እንደሚቋረጡ አውቃለሁ፤ «ለደኅንነታቸው ነው» ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ሌባው ተመልሶ ይሞክር እንደሆነ ላጥና ብዬም እንደተዘጋ ተውኩት። ሌባው በየቀኑ ይሞክር ነበር፤ እኔም በደስታ እመዘግባለሁ። ምዕራፉን በሁለት ቀን ጽፌ ለአማካሪዬ ላክሁ። «ይሄ ነው!» ብሎ መለሰልኝ፤ ያ ሰው ቃለ አጋኖ ሲጠቀም ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ከዘጋሁት ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ፣ ቅዳሜ ዕለት ወረድኩ። ተጨንቄ እንዳይመስላችሁ፣ ለምዕራፉ ፎቶ ስለፈለግሁ ነው። ቀና ብዬ ሳይ ከአባ ጣሪያ ላይ ሳጥኑ የለም። የት ሄደ ብዬ ስጠይቃቸው በጣታቸው ማዶ ያለችውን ሻይ ቤት አሳዩኝ። ሳጥኑ መስኮቷ ላይ፣ ከስኳር ጆንያ አናት ተቀምጧል። አባ ነገሩን ያስረዱኝ እንደ ቀላል ነገር ነው። የሳቸው ወገን መብራት ከማዶው ጋር አንድ መስመር አይደለም፤ የሳቸው ሲጠፋ የማዶውና የታች ቤቶቹ ይኖራል። ስለዚህ ከዚያ ማክሰኞ ጀምሮ መብራት በሄደ ቁጥር ሳጥኑን ከጣሪያ አውርደው፣ አቅፈው መንገዱን ያሻግሩታል። ሲመጣ ደግሞ መልሰው ይሰቅሉታል። «ስልክ ቻርጅ ለማድረግ ጎረቤት ይኬድ የለ? ታች ያሉት እንዳይቋረጡ ብዬ ነው» አሉኝ።

ሰርጎ ገቡ እሳቸው ነበሩ።

ወሬው በዚያ አላበቃም። ከተሻገረበት ቀን ጀምሮ ሳጥኑ አልሠራ ብሏቸዋል። በዚያ ዕድሜያቸው በዝናብ ጣሪያ ላይ እየወጡ ወልውለውታል። ዝናብ ገብቶበት ይሆናል ብለው ፈታትተው ጎረቤት ቡና ከሚሰጣበት አልጋ ላይ ፀሐይ ሲወጣ እያዋሉ አድርቀውታል። አልሆን ሲላቸው ዘጠኙንም ቤት አንኳኩተው ይቅርታ ጠይቀዋል፤ ሳመላልሰው አበላሸሁት፣ ጥፋቱ የኔ ነው እያሉ። የወንዙ ዳር እማማ ሁለት ዓርብ የልጃቸውን ፊት ሳያዩ ማለፋቸውን አባ የነገሩኝ አንገታቸውን ደፍተው ነው።

«አበላሸሁት አይደል?» አሉኝ።

መናገር የነበረብኝ ያኔ ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ምላሴ መጥረቢያ አይደል? «እርጥበት ነው አባ» አልኳቸው። ስልኬን አውጥቼ እዚያው እፊታቸው የዘጋሁትን ከፈትኩ። የሳጥኗ መብራት አረንጓዴ ስትሆን አባ ያዳንኩት መስሏቸው እጄን ይዘው መረቁኝ። ፎቶውን ሳላነሳ ተመለስኩ።

ያን ምሽት ለአማካሪዬ ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። በማግስቱም ነገ አልኩ። ምዕራፉ ተወዶ ነበር፣ የዲፌንሱ ቀን ተቆርጦ ነበር፣ እናቴም ሰምታ ለጎረቤት አውርታ ነበር። ደግሞ ማን ይጎዳል እላለሁ፤ እንግሊዝኛ ነው፣ መደርደሪያ ላይ ገብቶ አቧራ ይለብሳል። ሌላ ሰው እንዲህ ቢለኝ አንገቱን ይዤ ከቢሮ አስወጣው ነበር።

ትምህርት ክፍሉ ለዲፌንሱ የሰፈሩን ሰዎች ጋበዘ። አባ የታጠበ ነጭ ጀለቢያ ለብሰው ከሻይ ቤቱ ባለቤት ጋር መጥተው ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። በእንግሊዝኛ ስናገር አንድም ቃል ሳይገባቸው ሲሰሙኝ ቆዩ፤ ዓይናቸው ከኔ አልተነቀለም። ከዚያ ካርታው ግድግዳው ላይ በራ። ሃያ ሁለት ቤቶች አረንጓዴ፣ በቁልቁለቱ ወገብ ላይ አንዲት ቤት ቀይ። አባ መንገዱን አዩ፣ ወንዙን አዩ፣ ቤቷን ለዩዋት። ተነስተው ጎረቤታቸውን በክርናቸው ጎሰም አድርገው፣ አዳራሹ በሙሉ እየሰማ፣ «የኔ ቤት ናት!» አሉ። ፈታኞቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

በጥሩ ውጤት አለፍኩ። ስንወጣ አባ በር ላይ ጠበቁኝና የኔ ቤት ብቻ ለምን ቀይ ሆነች ብለው ጠየቁኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ «ዋናዋ ስለሆነች ነው አባ» አልኳቸው። ማሻአላህ ብለው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉልኝ። ካርታውን አትመሽ ስጪኝ ብለው ለመኑኝ፤ እንዴት እምቢ ይባላል? ማተሚያ ቤት ወስጄ ትልቅ አድርጌ አሳተምኩት። ከታች «ቀይ፦ አጥቂ» የሚል መስመር ነበረበት። ከባለማተሚያው መቀስ ተቀብዬ ቆረጥኩት። የቆረጥኩትን ወረቀት እዚያ መጣል ፈርቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

አባ ከዋንዛ እንጨት ፍሬም ሠሩለት። ዙሪያውን በመሮ አበባ ቀረጹበት፤ እንዲህ ያለ ሥራ ለሠርግ አልጋ ነው የሚሠሩት። እንጨት የሚሠሩበት ክፍል ውስጥ፣ በር ትይዩ፣ ገቢ ወጪው ሁሉ እንዲያየው ሰቀሉት።

ወሬው አጋሮ ድረስ ሄደ። ቅብብሎሹን እዚያ ለመትከል ቦታ ለማየት ሄጄ አንድ ቡና ነጋዴ፣ የአባ ዘመድ ኖሯል፣ የአባን ቤት ቀይ ያደረግሽው አንቺ ነሽ ወይ ብሎ አቀፈኝ። የሱንም መጋዘን ቀይ እንዳደርግለት ለመነኝ። ሌላው ሰምቶ የኔስ አለ። ጆንያ ላይ ተቀምጬ ሻይ እየጠጣሁ ሦስት ሰው ቀይ አድርጊን ብሎ ተሻማብኝ። ሻዩን ከነግማሹ ትቼ፣ ሥራውን ሳልጨርስ በሚኒባስ ተመለስኩ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ለኔ የጠራው በአባ የመጨረሻ ልጅ በኩል ነው። እኛው ግቢ ደረሳት፣ የመረጠችውም የኔኑ ትምህርት ክፍል ነው። አባቷ እኔን እያሳዩ ነው ያሳደጓት፤ «እንደሷ ሁኚ» እያሉ። ከተመዘገበች ሦስት ወር ሳይሞላ ላብራቶሪ መጣች። እኔን ዘወትር «እትዬ» ነበር የምትለኝ። ያን ዕለት «ቲቸር» አለችኝ። ስልኳ ላይ የመመረቂያ ጽሑፌን ከፍታለች፣ ካርታው ያለበትን ገጽ፣ ያልተቆረጠውን።

«ቲቸር፣ እኔ ለአባ አልነግራቸውም» አለች። «እኛ ቤት ግን በየቀኑ ሰው እየመጣ ያየዋል።»

ቆጣ ብላ ብትናገረኝ እመልስላት ነበር። አልተቆጣችም። ስልኳን ከታ፣ ደብተሯን አንስታ ወጣች። እኔ ቀኑን ሙሉ ተማሪ ላይ ስጮህ ዋልኩ።

በማግስቱ ሐሙስ፣ አመሻሽ ላይ፣ ከአስር ሰላት መልስ፣ አባ ዘንድ ወረድኩ። ጣውላ እየላጉ ነበር። በርጩማ ሳቡልኝ፤ አልቀመጥም አልኳቸው። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ማክሰኞውን፣ መዝጋቴን፣ አሥራ አንዱን ቀን፣ ቀዩ ምን ማለት እንደሆነ፣ መቀሱን። እየተናገርኩ እንባዬ ይወርዳል። «ዲሲ፣ ተዪ፤ ለቅሶውን ተዪው» አሉኝ። መላጊያቸውን አስቀመጡ።

«እኔን ነው ሌባ ያልሽው? ያን ዕለት፣ አዳራሽ ውስጥ?»

«አዎ አባ።»

ዓይናቸው ካርታው ላይ ነበር። «እኔ ደግሞ ‹የኔ ቤት ናት› አልኩ» አሉ።

ከዚያ ሁሉ ያቺ ቃል ናት ዛሬም የምትበላኝ። ስለ ምዕራፉ፣ ስለ ውሸቱ አልነበረም የሳቸው ነገር። ሰው ሁሉ እያየ፣ ሌባ የተባለውን ቤት በጣታቸው እያሳዩ በኩራት መነሳታቸው ነው ያቃጠላቸው። ሰባ ዓመት የሰው ዕቃ ሳይነኩ ኖረው እኔ እዚያ አቆምኳቸው።

አባ በርጩማው ላይ ወጥተው ፍሬሙን አወረዱ። ከኋላ ምስማሮቹን አንድ በአንድ በጉጠት ነቀሉ፣ ወረቀቱን አወጡ፣ አጥፈው ሰጡኝ። ባዶውን ፍሬም መልሰው እቦታው ሰቀሉት።

«ፍሬሙ የኔ ሥራ ነው፣ ይቀመጣል» አሉ። «ካርታው ሲስተካከል ታመጪዋለሽ። የኔን ወላሂ ይቅር ብያለሁ። ግን እኔ ዘጠኝ ቤት ዞሬ ይቅርታ ጠይቄያለሁ፣ ኢንተለ ኮ። ያ የማን ነበር?»

ቅዳሜና እሁድን ቤቴ ተዘግቼ ደብዳቤ ጻፍኩ። ሰኞ ጠዋት ለትምህርት ክፍሉ አስገባሁ፤ ምዕራፉ ሐሰት ነው፣ ጥቃት አልነበረም፣ ሳጥኑ ከጣሪያ ወደ ማዶ የተሻገረው ሰዎቹ እንዳይቋረጡ ነው፣ ይህን እያወቅሁ አቅርቤዋለሁ ብዬ። አማካሪዬ አነበበና ዲግሪሽን ሊያስከፍልሽ እንደሚችል ታውቂያለሽ ወይ አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። ጉዳዩ ኮሚቴ ፊት ነው፤ ምን እንደሚሉ እስካሁን አላውቅም። ዘበኛውንም አስተካክዬዋለሁ። አሁን የሳጥን ስም ከሌላ ቦታ ሲጠራ ምንም ነገር ከመዘጋቱ በፊት ለባለቤቱ ይደወላል። ይቺን አንዲት ስልክ ያኔ ብደውላት ኖሮ።

ደብዳቤውን ባስገባሁ ማግስት ቁልቁለቱን ወረድኩ። ዘጠኙን ቤት በተራ አንኳኳሁ። ጥፋቱ የአባ አልነበረም፣ እኔ ነኝ የዘጋሁባችሁ አልኩ። ቀላል መስሎኝ ነበር፣ ተቆጥተውኝ የሚያበቃ። አንዱም አልተቆጣኝም። የመጀመሪያው ሰውዬ ሳቀና ለአባ ብለሽ ነው፣ እንዲህ ነው ደግ ልጅ አለኝ። ሁለተኛዋ «ሽማግሌ ሲያጠፋ መሸፈን ወግ ነው፣ አላህ ይስጥሽ» ብላ መረቀችኝ። በየደረስኩበት ነገሩን ደግሜ አስረዳሁ፣ ስልኬን አውጥቼ የተዘጋበትን ቀን አሳየሁ። ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ፣ አያምኑኝም። እኔ በዚያ ሰፈር በውሸት ተመስግኜ አውቃለሁ፤ እውነት ተናግሬ ስመሰገን ግን ከስድብ ይብሳል።

የመጨረሻው ቤት የወንዙ ዳር እማማ ናቸው። የልጃቸውን ፎቶ ቴሌቪዥኑ አጠገብ አቁመውታል። ያን ክረምት ሁለቱን ዓርቦች የወሰድኩባቸው እኔ ነኝ አልኳቸው፤ በዚህ እጄ ነው የዘጋሁት ብዬ እጄን ሳይቀር አሳየኋቸው። እማማ ሻዩን ቀድተው አቀረቡልኝና ጉልበቴን መታ መታ አደረጉ።

«ተዪ ልጄ፣ የሳቸውን በራስሽ አትውሰጂ» አሉኝ። «አባ ራሳቸው እዚህ በር ላይ ቆመው ጥፋቱ የኔ ነው ብለውኛል። አባ ደግሞ አይዋሹም።»

ሻዩን ጠጥቼ ወጣሁ። ስመለስ በአባ በር አለፍኩ፤ ፍሬሙ ባዶውን ተሰቅሏል። ነገም ተመልሼ ዘጠኙን ቤት አንኳኳለሁ።